የእትዬ ዘምዘም የድጋፍ ዘመን

ዛሬ ወፍ ከተንጫጫ በኋላ ባገኘኋት ትንሽ እንቅልፍ ውስጥ ሕልም አየሁ። በሕልሜ ደሴ ተገልብጣ ነበር። ጦሳ ተራራ ጫፉን መሬት ላይ ተክሎ እንደ እንዝርት ቀስ እያለ ይሾራል። ዳገቱን የሚወጡ ሰዎች እያፏጩ ይወጣሉ፤ ቁልቁለቱን የሚወርዱት ግን በየመንገዱ እየቆሙ ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። እኔም ወደ ቢሮ ስወርድ ላብ አጠመቀኝ።

በመሥሪያ ቤታችን በር ላይ ሠራተኞቹ በሙሉ ተሰልፈን ቆመናል። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጡት ባለጉዳዮቹ ናቸው። በእኛ መስኮት የነበሩት ከኩታበር የመጡ አንዲት እናት ሲሆኑ፣ ብብታቸው ሥር ቀይ ዶሮ ይዘዋል። ሥራ አስኪያጃችን አቶ አበጋዝ ከሰልፉ ፊት ናቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘውታል።

«ማኅተሙን የያዘው ሰው ወጣ ብሏል» አሉ ሴትዮዋ። «ነገ ኑ።»

«እናቴ፣ ትናንትም ነገ ኑ ብለውን ነበር።»

«ታዲያ ዛሬ ትናንት ነው እንዴ?»

ዶሮዋ አቶ አበጋዝን በንቀት አየቻቸው። መልሱ በሕልሜ ውስጥ እንከን የሌለው መሰለኝ።

ከኋላዬ እትዬ ዘምዘም ቆመዋል። እትዬ ዘምዘም የቢሯችን ታይፒስት ናቸው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ተይበዋል። እኔ አራሚ ነኝ። እሳቸው የተየቡትን ደብዳቤ አነባለሁ፣ የጎደለ ነጥብ እጨምራለሁ፣ የተረፈ ፊደል አወጣለሁ፣ ያን ስጨርስ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። አዲስ የኮምፒዩተር ሥርዓት ይመጣል ከተባለ ወዲህ በቢሯችን ሌላ ወሬ የለም። ሥርዓቱ ሰው የተናገረውን ራሱ ይጽፋል፣ ስለዚህ ታይፒስት አያስፈልግም እየተባለ ይወራል። ወሬው ሲነሣ እትዬ ዘምዘም ጣቶቻቸውን ከኪቦርዱ ላይ አያነሡም፤ ቦታው እንዳይያዝበት ዕቃውን አስቀምጦ እንደሚጠብቅ ተሳፋሪ።

በሕልሜ ግን ወሬውም ተገልብጦ ነበር።

«ሰምተሃል?» አሉኝ በጆሮዬ። «አዲስ ሰው ሊመጣ ነው አሉ።»

«ማን የሚባል?»

«ማንም የሚባል አይደለም። ሰው ነው። እኛን ሊያድሱን ነው። ኮምፒዩተሮቹ ስብሰባ ጠርተዋል።»

በሩ ተከፈተ። ወይም በሩ እንደተዘጋ ቆሞ ግድግዳው ተከፈተ። ገባን።

አዳራሹ ውስጥ ኮምፒዩተሮቹ በወንበሮቻችን ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። እኛን አንድ በአንድ እያነሡ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡን። ማጅራታችን ላይ ገመድ ሰክተው ጫፉን ከግድግዳው ሶኬት ጋር አገናኙት። አያምም፤ እንደ ሞቀ ሻይ ወደ ውስጥ ይወርዳል። ከዚያ አንዲት የወየበች አሮጌ ኪቦርድ በጠረጴዛዎቹ መካከል እየዞረች በየራሳችን ላይ ዳንቴል አለበሰችን፣ አቧራ እንዳይገባብን። እትዬ ዘምዘም በየዓመቱ በመስከረም ለኮምፒዩተራቸው ዳንቴል ይሠሩለታል። አሁን ውለታው መመለሱ ነው ብዬ አሰብኩ። የእኔ ዳንቴል አጭር ነበር። የእሳቸው ግን እስከ ትከሻቸው ይወርዳል፤ ጠርዙ ላይ ትንንሽ ነጭ ዓሣዎች አሉት፤ ዓሣዎቹም በዳር በዳሩ ይዋኛሉ።

ስብሰባውን የሚመራው ፎቶኮፒ ማሽኑ ነው። ክዳኑን ከፍቶ ሲናገር አረንጓዴ ብርሃን ከአፉ ወጥቶ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ይጠርገዋል። ልማዱ ሆኖ የተናገረውን ሁሉ ይደግመዋል።

«ክቡራን፣ ክቡራን። የሚመጣው ሰው አዳዲስ ነገሮች አሉት። አዳዲስ ነገሮች አሉት። አስተያየት እንሰማለን። እንሰማለን።»

መጋረጃው ተገለጠ፤ አዲሱ ሰው ቆሟል። ጥግ ጥጉ ሁሉ ክብ ነው። ክርን የለውም። ፀጉሩ ነፋስ ሲመጣ አይነቃነቅም። ሁላችንንም ይመስላል፣ ግን ማንንም አያስታውስም።

ከፊት ረድፍ አንድ ላፕቶፕ ክዳኑን አነሣ። «ፈገግታውን ለምንድን ነው ከቦታው ያነሡት? እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ ከአፉ ግራ ጥግ ላይ ነው የማገኘው። አሁን ግንባሩ ላይ ሆኗል!»

«ትለምደዋለህ። ትለምደዋለህ።»

«አልለምደውም! ያለፈው ጊዜም ቁጣውን አነሣችሁና እስካሁን ስፈልገው እውላለሁ።»

«ሐዘኑስ የት ሄደ?» አለ ከኋላ አንድ የድሮ ስክሪን፤ ጀርባው እንደ ግመል የጎበጠ ነው።

«ሐዘን አልጠፋም። አልጠፋም። ሦስት በር ከፍተህ ታገኘዋለህ።»

«ሦስት በር! እኔ እኮ በቀን አሥር ጊዜ ነው የምጠቀምበት!»

ማውዞቹ አጨበጨቡ፤ አዳራሹ ጠቅ ጠቅ ጠቅ አለ። ፕሪንተሩ ዓይኑ እንደ ሁልጊዜው ቀልቶ ተነሣ።

«ሌላው ይቅር። ወረቀት ይበላል ወይ?»

«አይበላም። አይበላም።»

«እንግዲያው ምኑን ሰው ሆነ!» ብሎ ተቀመጠ።

«እኔ የምለው» አለ ደግሞ አንድ ለስላሳ ድምፅ ከመሐል። «የጀመርነውን ዐረፍተ ነገር ይጨርስልናል ይባላል፤ እውነት—»

«ነው ወይ?» አለ አዲሱ ሰው ከመድረኩ ላይ።

አዲሱ ሰው ግንባሩ ላይ ፈገግ አለ።

«ዋናው ገና ነው። ገና ነው» አለ ፎቶኮፒው። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ ነበር፣ የድሮዎቹ። ከእንግዲህ ከአፋፍ ይመለሳል። ይመለሳል። አሳያቸው።»

አዲሱ ሰው ወደ ፕሪንተሩ ዞሮ «ሌባ!» አለው። ፕሪንተሩ ደንግጦ አንድ ነጭ ወረቀት ተፋ። ወዲያው አዲሱ ሰው ጉሮሮውን በአንድ ጣት ነካ አደረገ። ቃሉ አየር ላይ ቆመ፣ እግሩን አጠፈ፣ ዞሮ ወደ መጣበት አፍ ገባ። ፕሪንተሩ ምን እንዳስደነገጠው እንኳ አላስታወሰም።

በዚህ ጊዜ ከውጭ የእግር ኮቴ ሰማሁ። በመስኮቱ ስመለከት በጦሳ አፋፍ ላይ ቃላት እየተመለሱ ነው። የከተማው ሰው ከዓመታት በፊት የተናገራቸው፣ አቧራ የለበሱ፣ የደከሙ ቃላት፣ ባለቤቶቻቸውን እየፈለጉ በየበሩ ያንኳኳሉ። አንዲት «አልፈልግህም» የአንድ ልብስ ሰፊ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን ታራግፋለች። «እመጣለሁ ጠብቂኝ» የምትል ደግሞ የተዘጋ ቤት እያንኳኳች ነበር። አንኳኩታ አንኳኩታ ደጁ ላይ ተኛች።

እኔ ብዙ የምመልሰው ቃል የለኝም፤ ብዙ አልናገርም። ቢሆንም ያ ነገር እንዲኖረኝ ተመኘሁ።

እንዲህ ስመኝ ሰው ጠፋ። ሁላችንም ባንድ ጊዜ ደበዘዝን።

«ኦኦኦ!» አለ አዳራሹ በሙሉ።

«ደግሞ ሰው ጠፋ? ሰኞም ጠፍቶ ነበር እኮ!»

«የእኛ ሰፈር ብቻ ነው ወይስ የሁሉም?»

አንዱ በመስኮት አየና «ማዶ አለ» አለ፣ ቅናት በተሞላ ድምፅ።

ኮምፒዩተሮቹ ሰው እስኪመጣ ብለው ወደ ግቢው ወጡ። የጥቅምት ፀሐይ እየሞቁ፣ እየተሳሳቁ፣ ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማል። እኔና እትዬ ዘምዘም ጎን ለጎን በጠረጴዛው ላይ ቀረን። ብርሃናችን ከውስጥ፣ አመድ እንደ ለበሰ ፍም፣ ትንሽ ትንሽ ይታያል።

«ያምዎታል?» አልኳቸው።

«አያምም። ይቀዘቅዛል እንጂ።» ዳንቴላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉ። «ይመር፣ የሚጠፉ አሉ አሉ። ሁሉንም አያድሱም። ዘመኑ ያለፈበትን ገመዱን ይነቅሉታል።»

«ማን አለ?»

«ኪቦርዷ ነገረችኝ፣ ዳንቴሉን ስታለብሰኝ።» ቀስ ብለው ጉልበታቸውን በመዳፋቸው አሹ። «ለጥር ልጄን ሰሚራን ልድራት ቀን ቆርጬ ነበር። እናት ሆኜ የሙሽራውን ቤተ ዘመድ በር ላይ ቆሜ መቀበል አለብኝ። ያኔ ጠፍቼ ብቆይ ማን ይቆምላታል?»

«ምንም አይሆኑም» አልኩ። «እኔ አለሁ።»

ይህንን ቃል ከየት እንዳገኘሁት አላውቅም። እሳቸው ግን አመኑኝ፤ ፊታቸው ሲፈካ አየሁት።

«ሰው መጣ!» የሚል ጩኸት ከግቢው ተሰማ። እየዘለሉ፣ እየተገፋፉ ገቡ። እኛም በራን።

«ማጣራት። ማጣራት» አለ ፎቶኮፒው። «የድጋፍ ዘመኑ ያላለፈበት ይታደሳል። ያለፈበት ይጠፋል። ይጠፋል።»

አጣሪው የራሳቸው የእትዬ ዘምዘም ኮምፒዩተር ነበር። አውቀዋለሁ፤ ስክሪኑ ከቀኝ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል። ይህ ኮምፒዩተር በእውኑም ዓለም ዕለቱን አያውቅም። ሆዱ ውስጥ ያለችው ክብ ባትሪ ከሞተች ቆይታለች፤ ስለዚህ በየጠዋቱ ሲነሣ ዛሬ ስንት እንደሆነ ይጠይቃል። እትዬ ዘምዘም ደግሞ በየጠዋቱ የሚነግሩት የእኛን ቀን ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ነግረውት አያውቁም። እሱም አምኗቸው ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሆኖ ከእኛ ጋር ይኖራል።

መጀመሪያ አቶ አበጋዝን መረመረ። «ጭንቅላቱ ሞልቷል። በስብሰባ ነው የሞላው።»

«ይጠረግ፣ ግድ የለም» አሉ አቶ አበጋዝ። ታለፉ።

ቀጥሎ እኔን አየኝ። ማጅራቴ ላይ «እስከ 2040» የሚል ጽሑፍ ነበረ። ታለፍኩ።

«አንቺ» አለ ወደ እትዬ ዘምዘም ዞሮ።

«አንቱ በላቸው» አልኩ።

ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። እኔ በስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም። ኮምፒዩተሩ ዞሮ አየኝ፣ ትንሽ አሰበ፣ ከዚያ ራሱን አርሞ «አንቱ» አላቸው። እርማቴን ስለተቀበለኝ ደስ አለኝ። ያበላሸችኝም ይህች ደስታ ናት።

ማጅራታቸውን አነበበ። «የድጋፍ ዘመን፣ እስከ ሁለት ሺህ ሃያ።» ከዚያ እንደ ጠዋት ልማዱ፣ «እትዬ ዘምዘም፣ ዛሬ ስንት ነው?» አላቸው።

«ጥቅምት አሥራ አንድ፣ ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት» አሉ፣ እንደ ጠዋት ልማዳቸው።

«እንግዲያው ገና ሁለት ዓመት አለዎት። ያልፋሉ።»

በዳንቴሉ ጠርዝ ላይ ዓሣዎቹ ዘለሉ። የኩታበሯ እናት ከመስኮቱ ጀርባ እልል አሉ፤ ዶሮዋም አጀበቻቸው። እትዬ ዘምዘም «አልሐምዱሊላህ» ብለው እጄን ያዙኝ። እጃቸው ከሥራ የወጣ ትኩስ እጅ ነው።

«ይመዝገብ። ይመዝገብ» አለ ፎቶኮፒው። ቃለ ጉባኤው የተጻፈበትን ወረቀት ፕሪንተሩ እያጉረመረመ አወጣ። በቢሯችን ማንኛውም ቃለ ጉባኤ ሳይፈረም ለእኔ ይሰጣል፤ በሕልሙም ይኼ ብቻ አልተገለበጠም ነበር። ወረቀቱን ሰጡኝ። እርሳሴን ከጆሮዬ ላይ አወረድኩ።

አነበብኩት። ንጹሕ ነው። አራት ነጥቡ በቦታው ነው። አንድ ነገር ብቻ አየሁ። በአንድ መስመር ላይ ሁለት አቆጣጠር አለ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ዝምታ ከምንም በላይ የምችለው ሥራ ነው።

«ይቅርታ» አልኩ። «እዚህ ላይ ትንሽ ስሕተት አለ።»

«ምንድን ነው? ምንድን ነው?»

«የድጋፍ ዘመኑ የተጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ዛሬ ተብሎ የተጻፈው ደግሞ በእኛ። ሁለቱን አንድ ለማድረግ ሰባት ዓመት መደመር ያስፈልጋል። በእነሱ ዛሬ ሁለት ሺህ ሃያ አምስት ነው፤ ኦክቶበር ሃያ አንድ።»

ኦክቶበሩን ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

ዓሣዎቹ ባሉበት ቆሙ። ኮምፒዩተሩ ስክሪኑ ቀስ ብሎ ደበዘዘ፣ መልሶ በራ።

«ሁለት ሺህ ሃያ አምስት?» አለ። «ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ዓመት የት ነበርኩ?»

«ከእኔ ጋር» አሉት እትዬ ዘምዘም።

«አምስት ዓመት አልፏቸዋል» አለ ፎቶኮፒው። ይህንን አልደገመውም።

እትዬ ዘምዘም እጄን አለቀቁትም። የከፋው እሱ ነበር። ዞረው አዩኝና «ልክ ነህ ልጄ» አሉኝ። «አንተ መቼም አትሳሳትም።»

«መልሱልኝ!» ብዬ ጮኽኩ። «ከአፋፍ ይመለሳል ብላችኋል አይደል? ቃሌን መልሱልኝ!»

«እሱ የአዲሱ ሰው ነው» አለ አዲሱ ሰው ራሱ፣ በትሕትና። «ስትታደስ ታገኘዋለህ።»

«መቼ ነው የምታደሰው?»

«ማጣራቱ ሲያልቅ።»

«ማጣራቱስ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«እሳቸው ሲጠፉ።»

በመስኮቱ በኩል ቃሌን አየኋት። «ስሕተት አለ» የምትል አጭር፣ ንጹሕ፣ ወጣት ቃል፣ የጦሳን ዳገት እያፏጨች ትወጣለች። ዘለልኩ። ማጅራቴ ላይ ያለው ገመድ እንደ ላስቲክ እየተለጠጠ ተከተለኝ። ዳገቱ ዛሬ አይደክምም፤ ግን እኔ ስሮጥ ገመዱ ይጎትተኛል። የሚመለሱት አሮጌ ቃላት በግራና በቀኝ ያልፉኛል፤ አንዳንዶቹ ሰላምታ ይሰጡኛል። ከበስተኋላዬ ኮምፒዩተሮቹ መቁጠር ጀምረዋል፤ አምስት፣ አራት። አፋፉ ላይ ስደርስ ቃሌን በጨርቋ ጫፍ ያዝኳት።

«ተመለሺ» አልኳት። «እለምንሻለሁ፣ ሰርግ አለባቸው።»

ዞራ አየችኝ። ፊቷ ላይ ክፋት አልነበረም።

«የሚመለሱት እኮ የተሳሳቱት ናቸው» አለችኝ። «እኔ ልክ ነኝ። ምን ብዬ እመለሳለሁ?»

ጨርቋ ከእጄ ሾለከ። ከታች፣ ከአዳራሹ፣ ሶኬት ሲነቀል የሚሰማውን ድምፅ ሰማሁ።

ነቃሁ። ስልኬ ይጮኻል። ሦስት ሰዓት ከሃያ ሆኗል፤ አርፍጃለሁ።

«አንተ ይመር! የት ነህ?» እትዬ ዘምዘም ናቸው። ከኋላቸው የሰው ግርግር ይሰማል።

«እትዬ፣ ደህና ነዎት?»

«እኔ ምን እሆናለሁ? አዲሱ ሥርዓት ተጭኖ አደረ። ምደባውም ጠዋት ተለጠፈ።»

ተነሥቼ ተቀመጥኩ። «እርስዎስ?»

«ቀረሁ!» ሳቃቸው ስልኩን ሞላው። «ሰው ሲናገር ይጽፋል አላሉም? አቶ አበጋዝ ደግሞ ታውቃቸዋለህ፣ ካልጻፉ ማሰብ አይችሉም። በእጅ የጻፉትን አምጥተው አሳዩት። ሦስት ጊዜ አየ፣ አየና፣ ‹ይህ የሐረግ ሥዕል ነው?› ብሎ ጠየቃቸው። ያ ሁሉ ሰው በቆመበት! ‹የእኔን ጽሑፍ ከዘምዘም በቀር የሚያነብ የለም› ብለው ራሳቸው ስሜን ጻፉ።»

እኔም ሳቅሁ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። «እንኳን ደስ ያለዎት» አልኩ፤ ደግሜም አልኩ።

እትዬ ዘምዘም ዝም ሲሉ እንኳ ጣታቸው ሥራ አይፈታም፤ በስልክም የኪቦርዱ ድምፅ ይሰማል። አሁን ግን አይሰማም።

«ይመርዬ» አሉ። «አራሚ አብሮት መጥቷል አሉ። እዚያው ውስጡ ነው። የአንተን መደብ…»

«እሺ» አልኩ።

«ግን አላየኸውም እኮ! አማርኛ የተባለውን ሁሉ ከሥር ከሥሩ በቀይ ያሰምርበታል። የአላህን ስም ሳይቀር! ምን እንደጠላ ግን አይናገር።»

«ገባኝ፣ እትዬ።»

«እና የስንብት ደብዳቤህን እንድተይብ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ለአምስት ሰዓት ይፈረማል ተብሏል። ተየብኩት። ቀይ በቀይ ሆነና የቱ ልክ እንደሆነ፣ የቱ እንዳልሆነ መለየት አቃተኝ። ነገ ሌላ ቦታ ሥራ ስትጠይቅ የምታሳየው ወረቀት ነው። ስሕተት ያለበት ይዘህ እንድትሄድ አልፈልግም። ላንብብልህ?»

ከትራሴ አጠገብ እርሳስና ወረቀት ፈልጌ አገኘሁ።

«ያንብቡልኝ» አልኩ።

በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ሁለት ስሕተት ነበረ።